ታይሲያ የቀበረችው ወይን

ታይሲያ ስቴፓኖቭና ቁጡ ሴት ናት። ቬርብናያ መንደር ውስጥ ይህን ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከዳቦ መሸጫው ወረፋ ጫፍ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ዳቦው የትናንት ከሆነ፣ ወረፋ የዘለለ ካለ፣ ሻጯ ደንበኛ አቁማ ወሬ ከያዘች፣ መጀመሪያ የሚሰማው የታይሲያ ድምፅ ነው። ሰዉ «አክስት ታያ ዛሬም በግራ ጎኗ ተነሥታለች» እያለ ይስቃል። ይሳቅ። እነዚያው ሳቂዎች በስንቱ ስብሰባ ላይ አንገታቸውን ደፍተው እንደ ተቀመጡ እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን።

የተወለደችው እዚያው ዶን ወንዝ ዳር ነው። አባቷ ስቴፓን ከመንደሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አሥራ ሁለት ረድፍ ወይን ተክሎ ወደ ጦርነቱ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ወይኑ ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ቀለሙ እጅ ላይ ለሳምንት የማይለቅ ጥቁር ነው። ከየት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ በሌላ መንደርም አይገኝም። ሰዉ «የስቴፓን ጥቁር» ይለዋል። ኋላ ተዳፋቱ የመንግሥት እርሻ ሲሆን ታይሲያ የወይን ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች፤ አሥራ ሁለቱ ረድፎች ግን ከእጇ አልወጡም። ከአባቷ የቀራት አንድ ፎቶግራፍና ያ ወይን ብቻ ነበር።

በዶን ዳር ወይን የሚያለማ ሰው በየዓመቱ ወይኑን ይቀብራል። ቅጠሉ እንደ ረገፈ ሐረጉን ከሽቦው ያላቅቃል፣ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ያስተኛል፣ አፈር ያለብሰዋል። ካልቀበሩት የጥር ብርድ አይምረውም። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ አፈሩን ገልጦ ያነሣዋል፤ ከዘገየ ይበሰብሳል። ታይሲያ ይህን ሥራ የጀመረችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ወገቧም የጎበጠው በዚሁ ነው። በኅዳር ወር ተዳፋቱን ያየ እንግዳ የታረሰ ባዶ መሬት እንጂ ሌላ ነገር አይታየውም።

ጎርባቾቭ ሥልጣን ሲይዝ በመንደሩ እንደ ታይሲያ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ከእሱ በፊት የነበሩት፣ ሁለት ሰው ደግፎ የሚያቆማቸው፣ ወረቀት እንኳ በቅጡ ማንበብ ያቃታቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ይሄ ግን በእግሩ ቆሞ፣ ከሰው መሀል ገብቶ፣ ያለ ወረቀት ይናገራል። ያውም የጎረቤት ክፍለ ሀገር ልጅ! አባቱ የእህል ማጨጃ ነጂ፣ እሱም በልጅነቱ ከአባቱ ጋር አጭዶ ሜዳልያ የተሸለመ። አነጋገሩ የደቡብ ሰው አነጋገር ነው፤ የሞስኮ ምሁራን ሲስቁበት ታይሲያ ቴሌቪዥኑን ትሳደባለች። ፎቶውን ከጋዜጣ ቆርጣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ከአባቷ ጎን ሰቀለችው።

በመጠጥ ላይ ዘመቻ ሲያውጅም ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ባሏ ኒኪፎር በቮድካ ነው የሞተው፤ ጠጥቶ ከወንዙ ማዶ ሲመለስ በረዶው ከዳው፣ ሬሳው የተገኘው ፀደይ ሲሆን ነው። ስለዚህ የመንደሩ ወንዶች ሰውየውን «ዋና ጸሐፊ» በማለት ፈንታ «የማዕድን ውኃ ጸሐፊ» ብለው ሲያላግጡ፣ «ደግ አደረጋችሁ! እሱ ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን የእኔም ሰውዬ በቁሙ በኖረ» ትላቸው ነበር።

ግን ሞስኮ የተነገረ ነገር ቬርብናያ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሚደርሰው። ስካርን መዋጋት ከባድ ነው፤ ሪፖርት አይሆንም። ወይን መንቀል ግን በሄክታር ይለካል። ይህን ቶሎ የተረዳው የወረዳው እርሻ ኃላፊ ጌናዲ ሉኪች ቦብሪኮቭ ነው። ይህ ሰው በየዘመኑ የሚነፍሰውን ንፋስ ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚያውቅ ነው። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ መጥቶ በመንደሩ ክበብ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ።

«ጓዶች፣ ወደ ኋላ ቀርተናል» አለ። «ጎረቤት ወረዳ ስድሳ ሄክታር ነቅሏል። እኛ ጋ ግን ያ የተዳፋቱ ወይን አሁንም እንደ ተገተረ ነው።»

ታይሲያ ተነሣች። «ጌናዲ ሉኪች፣ እዚህ አገር ሰው የሚሰክረው በቮድካ ነው። ቮድካ የሚወጣው ደግሞ ከእህል ነው። ስንዴውንም እንንቀለው እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። ቦብሪኮቭ አልሳቀም።

«ታይሲያ ስቴፓኖቭና፣ እርስዎ የፓርቲውን መስመር እየተቃወሙ ነው ማለት ነው?»

ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው «አክስት ታያ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ተቀመጪ» አለ። ከዚያ ድምፅ ይሰጥ ተባለ፤ እጅ ሁሉ ወጣ። ታይሲያ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። ከዚያ የራሷንም እጅ አወጣች፤ ተንኮል አስባ ነበርና።

በጥቅምት መጨረሻ ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ሆና አሥራ ሁለቱን ረድፍ እንደ ወትሮው ቀበረች። በዚህ ዓመት ግን ሽቦውን ጠቀለሉት፣ ችካሉን ነቀሉት፣ አፈሩን በአካፋ ደለደሉት። ከሌላው ማሳ የተነቀለ አሮጌ የወይን ሥር በጋሪ አምጥተው ዳር ላይ ከመሩ። መነቀሉን የሚያረጋግጠው የወረዳው ኮሚሽን ሲመጣ ጭቃ ነበር። ቦብሪኮቭ አዲሱን ጫማውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ከመኪናው ሳይርቅ «ተነቅሏል» ብሎ ፈረመ። ሦስቱ ሴቶች ማታ ታይሲያ ቤት እየሳቁ ሻይ ጠጡ።

ሳቁ እስከ ጥር ነው የቆየው። ወይን ተቀብሮ አይቀርም፤ ሚያዝያ ይመጣል። ሲገለጥ ደግሞ ተዳፋቱ ከመንገድ ይታያል። ቀን በቀን ይህን ስታሰላስል ሳለ ጎርባቾቭ በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ግልጽነት ተናገረ። ግልጽነት ለእኛ እንደ አየር ያስፈልገናል፣ ሕዝቡ ሳይፈራ ይናገር፣ የተበላሸውን እናስተካክል፣ የሚል ነገር ነበር። ታይሲያ ድንች መላጡን ትታ አዳመጠችው። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ለእሷ ብቻ የሚያወራ መሰላት።

በማግሥቱ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ጻፈችለት። አራት ገጽ። ምንም አልደበቀችም። ዘመቻው ትክክል እንደሆነ፣ ባሏ እንዴት እንደ ሞተ፣ ስካርና ወይን አንድ እንዳልሆኑ ጻፈች። አሥራ ሁለቱ ረድፎች ከአፈር በታች በሕይወት እንዳሉ፣ የት እንዳሉ፣ እንዴት እንደ ተቀበሩ ጻፈች፤ ሥዕልም ሣለች። «አንድ ቃል ይበሉልኝ፣ ሚያዝያ ላይ ልግለጣቸው» ብላ ጨረሰች። ቦብሪኮቭንም በስሙ ጠራችው።

ጎረቤቷ ሮዲዮን፣ የእርሻው ትራክተር ነጂ፣ ደብዳቤውን ይዛ ወደ ፖስታ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ አገኛት። እናቱ ማታ ማታ ሥራ ስለምትገባ በልጅነቱ እራቱን የሚበላው ታይሲያ ጋ ነበር።

«አክስቴ፣ የት ነው እንዲህ ሽክ ብለሽ?»

«ለሞስኮ ጽፌያለሁ። ለራሱ።»

ሮዲዮን ራሱን አከከ። «ይቅርብሽ። እነሱ መቼ ያነባሉ?»

«ይሄኛው ያነባል። ተናገሩ ብሏል እኮ! አልሰማኸውም?»

«ሰምቼዋለሁ። ለዚህ ነው ይቅርብሽ የምልሽ።»

«ፈሪ!» አለችውና ሄደች።

መልሱ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ጥሩ ወረቀት፣ ጥሩ ማኅተም፣ ሁለት መስመር፦ ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ታይቶ ውሳኔ እንዲሰጥበት ለሚመለከተው የአካባቢ አካል ተላልፏል። ታይሲያ በሩ ላይ እንደ ቆመች ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ነገሩ ገባት። የሚመለከተው የአካባቢ አካል አንድ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ወረዳው ላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ በሩ ላይ «ጌ. ሉ. ቦብሪኮቭ» ይላል።

የሚያናድደው ደግሞ ይህን ሁሉም ሰው ማወቁ ነው። በዚያ አገር አቤቱታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ቤት ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ተመልሶ አቤት ለተባለበት ሰው ይላካል። ሰባ ዓመት እንዲሁ ነው የተሠራው። ታይሲያም ታውቀዋለች። ይህኛው ሰው ግን ሌላ ነው ብላ አመነች። ሰውየውስ ምናልባት ሌላ ነበር። ከእሱ ጠረጴዛ በታች ያሉት ግን ያው የጥንቶቹ ናቸው፤ ንግግር ሲያደርግ ይህን ማንም አልነገረውም፣ ወይም ተነግሮትም ንግግሩን ቀጥሏል። የትኛው እንደሚብስ ታይሲያ እስከ ዛሬ አልወሰነችም።

ወይኑን ቀድማ ለመግለጥ አካፋ ይዛ ወደ ተዳፋቱ ሮጠች። መሬቱ ገና እንደ ድንጋይ ነበር። ሳምንት ጠበቀች፣ ሌላ ሳምንት ጠበቀች። አፈሩ በለሰለሰበት ቀን ጠዋት ስትወጣ ከታች የትራክተር ድምፅ ሰማች። ቦብሪኮቭ በመኪና ቀድሞ ደርሷል። በእጁ የያዘው የእሷን ደብተር ወረቀት ነው፤ የገዛ ስሙ ያለበት ቦታ በቀይ እርሳስ ተሠምሮበታል።

«ሥዕልዎ ጥሩ ነው፣ ታይሲያ ስቴፓኖቭና» አለ። «ባለሙያም እንዲህ አይሥልም። ባይጽፉልን ኖሮ መች እናገኘው ነበር?»

«ያ ደብዳቤ ለእርስዎ አልተጻፈም።»

«ለእኔ ነው የተላከው።»

ትራክተሩ በጥልቀት የሚገለብጠውን ማረሻ ጎትቶ ወጣ። ነጂው ሮዲዮን ነው። ታይሲያ ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት ሄዳ ቆመች። ትራክተሩ ከእሷ አምስት እርምጃ ላይ ቆመ።

«ሮድካ!» ብላ በልጅነት ስሙ ጮኸችበት። «ሾርባዬን የበላህ ልጅ! ውረድ!»

ሮዲዮን አላያትም። ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ መሪው ላይ ነው። ቦብሪኮቭ ወደ ትራክተሩ ሄዶ በመስኮቱ አንድ ነገር አለው፣ አንድ ነገርም አቀበለው። ከዚያ አብረውት የመጡ ሁለት የእርሻው ሰዎች ታይሲያን ግራና ቀኝ በክንዷ ይዘው ወደ ዳር ወሰዷት። በቀስታ ነው የያዟት፤ አንደኛው እንዲያውም «ይቅርታ አክስት ታያ» እያለ ነበር። ማረሻው ገባ።

አሥራ ሁለት ረድፍ ለማረስ ሦስት ሰዓት አልፈጀም። ሐረጎቹ ተቆራርጠው ከአፈር ወጡ፤ የቡቃያ ዓይኖቻቸው ማበጥ ጀምረው ነበር፣ ከተቆረጡበት ውኃ ይንጠባጠባል።  መኪናው ሲሄድ ታይሲያ ተንበርክካ በቀሚሷ ለቀመች፤ አብዛኛው የተጨፈለቀ ነው። የተረፈውን ወስዳ ከጓሮዋ ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር ተከለችው። ከሠላሳው ቁራጭ ሰባቱ ሥር ያዙ። የጎርባቾቭን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ሮዲዮንን ደግሞ ለሁለት ዓመት ተኩል ሰላም አላለችውም፤ ባየችው ቁጥር መሬት ላይ ምራቋን ትተፋለች።

ከዚያ ዘመቻው ቀረ። ማንም «ተሳስተናል» ብሎ ሳይቀርብ፣ አንድ ቀን ስለ እሱ መናገር ተተወ፣ በቃ። ወይኑ በታረሰ በሦስተኛው ዓመት መከር ላይ ቦብሪኮቭ የታይሲያን በር አንኳኳ። ፎቶግራፍ አንሺ ይዟል። የሚናገረው ሁሉ ተሃድሶና ግልጽነት ሆኗል።

«ታይሲያ ስቴፓኖቭና፣ አዲስ ዕቅድ አለን። ተዳፋቱ ተመልሶ ወይን ይለብሳል። የስቴፓን ጥቁር እርስዎ ጋ ብቻ እንዳለ ሰምተናል። የሚተከል ቅርንጫፍ ይስጡን።»

ታይሲያ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሰው እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲመጣ ምን ይባላል? ግን ወይኑን ተዳፋቱ ላይ ማየት ትፈልጋለች። ሰባት ግንድ ጓሮ ውስጥ ማለት አንድ ክፉ ክረምት ማለት ነው፤ እሷም ስድሳ ዓመት ሞልቷታል።

«እሰጣለሁ» አለች። «መጀመሪያ ክበቡ ውስጥ፣ ሰዉ ፊት ቆመህ፣ ደብዳቤዬ ማን እጅ እንደ ገባና ወይኑን ማን እንዳሳረሰው ተናገር። ከዚያ ሁሉንም ውሰድ።»

«አንተ» ስትለው ፎቶ አንሺው ቀና አለ።

«ያለፈውን ምን እንቆፍራለን?» አለ ቦብሪኮቭ ፈገግ ብሎ። «ወደ ፊት ነው ማየት ያለብን።» ይህን እያለ ከአጥሩ ሥር ያለችውን የወይን ዘለላ ያዝ አድርጎ ፎቶ ተነሣ።

በሳምንቱ የወረዳው ጋዜጣ ያንን ፎቶ አወጣ። ከሥሩ፣ ጓድ ቦብሪኮቭ በአስቸጋሪው ዘመን ወይኑን ከጥፋት እንዴት እንደ ታደገ ተጽፏል። ታይሲያ ጋዜጣውን እንደ ያዘች በቀጥታ ወደ ክበቡ ሄደች። ስብሰባ ነበር፤ ቦብሪኮቭ ስለ አዲሱ ዕቅድ እየተናገረ ነው።

«ውሸታም!» አለች ከበሩ። ጋዜጣውን ከፍ አድርጋ አሳየች። «አሳርሰህ አጥፍተኸው፣ አሁን አዳኙ አንተ ሆንክ?»

«ሥርዓት ይያዙ» አለ ቦብሪኮቭ። «ማስረጃ አለዎት?»

ማስረጃው የእሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ታይሲያ አዳራሹን አየች። ሁለቱ የሥራ ጓደኞቿ እንኳ ጉልበታቸውን ነበር የሚያዩት።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነሣ። ሮዲዮን ነው፤ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ ይዟል።

«ማስረጃው እኔ ነኝ» አለ። «ትራክተሩን የነዳሁት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ እሱ ነው።»

«ሮዲዮን፣ ተቀመጥ። ጠጥተሃል።»

«ዛሬ አልጠጣሁም። ያን ቀን ግን ጠጥቼ ነበር። እሷ ፊቴ ስትቆም እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ አንተ ከመኪናህ ቮድካ አውጥተህ በመስኮት ሰጠኸኝ። ግማሽ ጠርሙስ። እሱን ጨርሼ ነው ማርሹን ያስገባሁት።» ወደ ሰዉ ዞረ። «በስካር ላይ በታወጀ ዘመቻ፣ በቮድካ ሰክሬ፣ ወይኑን አረስኩት። ይኸው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቦብሪኮቭ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ፤ ሌላ ቦታ ስብሰባ እንዳለበት ተናግሮ ወጣ። ከሥልጣኑም አልወረደም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር ሰው አያወርድም። ቅርንጫፉን ግን አላገኘም።

በማግሥቱ ጠዋት ታይሲያ ጓሮዋ ውስጥ ወይኑን ስትገርዝ ሮዲዮን መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። አልገባም። እሷም ግባ አላለችውም። የተገረዙት ቅርንጫፎች እግሯ ሥር ተከምረዋል።

«አልማርኩህም» አለች ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ፣ አክስቴ።»

«ትናንት ስለተናገርክ ነገሩ የተወራረደ እንዳይመስልህ። ሁለት ዓመት ተኩል ዝም ብለሃል።»

«አልመሰለኝም።»

መቀሱን አስቀመጠች። ሰውየውን አየችው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ እሷ ሳታየው ነው የሸበተው። ይህም አናደዳት።

«እነዚህን ቅርንጫፎች እስከ ሚያዝያ ምድር ቤትህ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጋቸው። ከዚያ ያንን ትራክተርህን አስነሥተህ ተዳፋቱ ላይ ትወጣለህ። እኔ ከኋላህ እተክላለሁ። ዕቅድ ምናምን የለም፤ የሚከለክል ካለ ይምጣና ይከልክል።»

ሮዲዮን አጥሩን አልፎ ገባ፤ ክምሩ ፊት ተንበረከከ።

«ስንቱን ልውሰድ?»

«ስታርስ ቆጥረህ ነበር?» አለች ታይሲያ። «ሁሉንም ተሸከም።»